የማይጠቀለል ብር

የልጅ ልጄ ኢክራም ዑምራ አድርጋ በተመለሰች በሳምንቷ፣ ተምሩንና ዘምዘሙን ለጎረቤት አከፋፍላ ስታበቃ፣ አንድ የዚያን አገር ገንዘብ አምጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

"አኮ፣ እስቲ ይቅደዱት" አለችኝ። እኛ ዘንድ አያት አኮ ናት።

"ደግሞ ገንዘብ መቅደድ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?" ብዬ ተቆጣሁ።

ሳቀችና እሷው በሁለት እጇ ይዛ ጎተተችው። አልተቀደደም። ለካ ላስቲክ ነው! እዚያ አገር አንዳንዱን የወረቀት ገንዘብ እየተዉ በላስቲክ መለወጥ ጀምረዋል አለችኝ። ውሃ ቢነካው አይርስ፣ ዘይት ቢነካው አይዝ። አንድ ቀን የእኛም ብር እንዲህ ይሆናል አለችኝ፤ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም።

እኔ ገንዘብ ሲሰጡኝ መጀመሪያ አሸተዋለሁ፤ ልማዴ ነው። የሥጋ ሻጭ ብርና የቅመም ሻጭ ብር አንድ አይደለም። ይሄኛውን አሸተትኩት፣ ምንም የለውም። ሰው ያልኖረበት ቤት ነው የሚመስለው። ከዚያ ሳላስበው በሁለት ጣቴ መሀል አድርጌ እንደ ሰበዝ ቀጭን አድርጌ እጠቀልለው ጀመር። ጠቅልዬ ስለቀው ብድግ ብሎ ተዘረጋ። ደግሜ ጠቀለልኩት። ደግሞ ተዘረጋ።

"ምን እያደረጉ ነው፣ አኮ?"

"እኔ እንጃ፣ ጣቴ ነው" አልኳት።

እውነቴን ነው፣ ያስታወሰው ጣቴ ነው። ጣቴ እንዲህ መጠቅለል የተማረው ብሩ በተለወጠበት ዓመት፣ በኡማ ረውዳ ቤት ነው። ያን ዓመት ልጻፈው ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤ እተወዋለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደሉንም የለየሁት ካደግኩ በኋላ፣ ልጆች አዝዬ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ ነገሬ ወዲያ ወዲህ ቢል ዓመቱ ራሱ ለኔ እንደዚያው ስለነበረ ነው።

ያኔ የፊት ጥርሴ እየረገፈ ነበር፤ ዕድሜዬን የማውቀው በሱ ነው። አባቴ ከመንደራችን ከድሬ ጠያራ ከአህያዋ ጋር ይዞኝ መጣ። "ኡማ ረውዳ ባላቸው ሞቶባቸዋል። ከቤት አይወጡም። አንቺ እግር ትሆኛቸዋለሽ" አለኝ በመንገድ ላይ። ሟቹ ማሽላችንን ሲገዙን የኖሩ የሀረር ሰው ነበሩ። አባቴ ደግነታቸውን አውርቶ አይጠግብም፤ እኔ ግን አይቻቸው አላውቅም። እግር ትሆኛቸዋለሽ ስላለኝ፣ ኡማ ረውዳ እግር የሌላቸው አሮጊት ናቸው ብዬ እየፈራሁ በሀረር ግንብ በፈላና በር ገባሁ። ሁለቱንም እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠው ሳገኛቸው እግራቸውን ሳይ ሰላምታውን ረሳሁት።

"ምን ጠፍቶሽ ነው የምትፈልጊው?" አሉኝ።

"ምንም" አልኩ።

ቤቱን ባየሁት ጊዜ ሰው ቤት ውስጥ ደረጃ ለምን ይሠራል አልኩ። ነደባ ይሉታል፤ ከፍና ዝቅ ያለ፣ ቀይ አፈር የተቀባ መቀመጫ ነው፤ ትልቅ ሰው ከላይ፣ እንደኔ ያለ ከታች ይቀመጥበታል። ሲቀቡት የመጀመሪያ ዝናብ የነካው መሬት ይሸታል። ግድግዳው ደግሞ ከላይ እስከ ታች ስፌት ነው፤ ሰፊው፣ ጠባቡ፣ ክዳን ያለው፣ ክዳን የሌለው። እኛ አገር ስፌት እህል ይያዝበታል። እዚህ ተሰቅሎ ይታያል። የሚበላው የት ነው ብዬ ከስር ቆሜ አንጋጠጥኩ።

ኡማ ረውዳ ዒዳ ላይ ነበሩ። ባሏ የሞተባት ሴት ሽቶ አትቀባም፣ ሂና አትነካም፣ አራት ወር ከአስር ቀን ከቤቷ ትቀመጣለች። ይሄን ዛሬ እንደ ዋዛ እጽፈዋለሁ እንጂ ያኔ ማን ነግሮኝ!

"ማነው እንዳይወጡ የከለከልዎት?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"አላህ ነው፣ ልጄ።"

"ቢወጡስ?"

"አልወጣማ።"

ከዚያ ወዲያ ውሃ ልቀዳ ስወጣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚጠብቃቸውን እፈልግ ነበር። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ትከሻውን ያዞራል። እዚያ ውስጥ ተደብቆ የሚጠብቅ ማን ይሆን? ድመት አየሁ። ልብስ ሰፊዎቹ የጣሉትን ክር አየሁ። ሌላ ምንም የለ።

የወረቀት ብር በእጄ የያዝኩት እዚያ ቤት ነው። በሳንቲሙ ላይ ያለውን ራስ መንደራችንም አውቀው ነበር፤ ከመታሸቱ ብዛት አፍንጫ እንኳ አልቀረለትም። በብሩ ላይ ያለው ግን ሙሉ ሰው ነው፤ ጢም አለው፣ ትልልቅ ዓይን አለው፣ እያየኝ ነው። ኡማ ረውዳ ስኳር ግዢ ብለው ሰጡኝና "ፊቱ እንዳይጨማደድ፣ ቀስ አድርገሽ ያዢው" አሉኝ።

ገባኝ። ማለት የገባኝ መሰለኝ። ይሄ ሰውዬ የሞቱት ባላቸው ናቸው! ሌላ ማን ይሆናል? ቤቱ ሐዘን ነው፣ የሚመጣው ሰው ሁሉ ስለ እሳቸው ነው የሚያወራው፣ ሚስታቸው ፊታቸው እንዳይጨማደድ ይጨነቃሉ። ሀረር ሁሉ ሥዕላቸውን በኪሱ ይዞ መዞሩም አልገረመኝም፤ ደግ ነበሩ ብሎ አባቴ ነግሮኛላ።

ስለዚህ ሱቅ ሄጄ ብሩን ሳስረክብ ሐዘንተኛ ሲመጣ እንደሰማሁት "አላህ ይርሐመው" አልኩ።

ባለሱቁ መዳፉን ቶሎ ጨበጠ። ወደ መንገዱ አየ። "ማን አስተማረሽ? ሁለተኛ እንዳትይ!" አለኝ በሹክሹክታ። ስኳሩን ጨምሮ ሰፈረልኝና ሂጂ ሂጂ አለኝ። ለሞተ ሰው ዱዓ ማድረግ ከተማ ውስጥ ነውር ነው ማለት ነው ብዬ ተመለስኩ። ዘመኑ የደርግ መሆኑን፣ ብሩ ላይ ላለው ሰው ማዘን እንደሚያስይዝ እኔ በምን ልወቅ? ከዚያ በኋላ በልቤ ብቻ እል ነበር።

ከቀትር በኋላ ስፌት ያስተምሩኝ ነበር። ስንደዶው ውስጥ ውስጡን ይሄዳል፤ ከላይ አለላ እየተጠመጠመ በወስፌ ይወጋል። የኔ ይጣመማል፣ የሳቸው እንደ ውሃ ይዞራል። "አታስጨንቂው፣ ወዴት እንደሚዞር እሱ ያውቃል" ይሉኛል። ወስፌው ጣቴን ሲወጋኝ ደሙን በቀሚሳቸው ጫፍ ይጠርጉልኛል፤ አይጮሁብኝም። እንዲህ ሆኜ ነው ከቤቱ ጋር የተላመድኩት።

ግድግዳ ለግድግዳ የሚኖሩት እትዬ አስካለ ነበሩ። ባላቸው ሃምሳ አለቃ ነው፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ። አማርኛዬን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ ዛሬም ስናደድ በጎጃሞች አማርኛ ነው የምናደደው። ሲመጡ ከበሩ ነው ወሬ የሚጀምሩት።

"ኡማ ረውዳ! ሰምተዋል? ብሩ ሊለወጥ ነው!"

"የምን መለወጥ?"

"የንጉሡ መልክ ያለበት ቀርቷል። አዲስ ወጥቷል፣ ሃምሳ አለቃው በዓይኑ አይቶታል። ባንክ ወስዶ መለወጥ ነው፤ ቀን ተቆርጦለታል። ቀኑ ያለፈበት ማንደጃ ነው፣ እሳት ማንደጃ!"

"ሱብሃነላህ" አሉ ኡማ ረውዳ። ወስፌው በእጃቸው እንደተያዘ ቀረ።

እኔ ደግሞ ከታችኛው ነደባ ሆኜ ሌላ ነገር ነው የተገለጠልኝ። ንጉሡ! ለካ ባላቸው ንጉሥ ኖረዋል! አለመውጣታቸው ለዚህ ነው፤ የንጉሥ ሚስት እንደኛ መንገድ ለመንገድ አትሄድም። አሁን ደግሞ ሰውየው መሞታቸው ሳያንስ ሥዕላቸውም ሊነሳባቸው ነው። አጠገባቸው ሄጄ እግራቸውን ያዝኩ፤ ራሴን ደባበሱኝ፤ ዓይናቸው ግን ግድግዳ ግድግዳውን ይፈልጋል።

በዚያ ሰሞን ሀረር ሸተተች ብል ማጋነን አይደለም። ሰው ሁሉ ብሩን ከደበቀበት አወጣ። አንዱ ከበርበሬ ማሰሮ፣ አንዷ ከትራስ ጥጥ፣ አንዱ ከቅቤ ቅል። ወደ ባንኩ በሚወስደው መንገድ ስቆም በአጠገቤ የሚያልፈው ሰው ሁሉ የጓዳው ሽታ አብሮት ያልፋል፤ ይሄ ነጭ ሽንኩርት፣ ይሄ ሻጋታ፣ ይሄ ናፍታሊን። ማን የት እንደሚደብቅ አገር አወቀ። ሰዎቹም ያንን ያወቁ ይመስል ተፋፍረው ነበር የሚሄዱት።

የኡማ ረውዳን የሳጥን ብር እትዬ አስካለ ወስደው ለወጡላቸው። ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። አላለቀም። ኡማ ረውዳ ከሰገዱበት ምንጣፍ አይነሱም፤ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። "የልጄ መመለሻ" ይላሉ ለብቻቸው፣ "ያ ረቢ፣ የነኢማ መመለሻ ቀኑ ሊያልፍበት ነው፣ ከሰው ግድግዳ ላይ እንዴት ላውርደው?"

ነኢማ ልጃቸው ናት። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወዲያ ነው የተዳረችው። በየጁምዓው ትመጣለች፤ ግን አማቷ አዴ ዘሃራ ከጎኗ አይለዩም። ነኢማ ዓይኗን ከምንጣፉ ላይ አታነሳም፤ አንድ ጊዜ ብቻ እኔን አይታ "ጥርስሽ የት ሄደ?" ብላኛለች። ልጅ አልወለደችም። ስለዚህ ነገር ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ኡማ ረውዳ ጠሩኝ።

"ፋጤ፣ ነኢማ ቤት ትሄጃለሽ። ቀዩ ስፌት፣ መሀሉ ላይ ኮከብ ያለው፣ ጠርዙ ስለተፈታ ልጠግነው ነው በያት። ይዘሽው ነይ። ሌላ ነገር አትናገሪ።"

"ሌላ ምን አለ?"

"ምንም የለም። እሱን ነው አትናገሪ የምልሽ።"

ምንም የሌለውን ነገር እንዳልናገር እየተጠነቀቅኩ ሄድኩ። በሩ ላይ አዴ ዘሃራ ነበሩ፤ ግዙፍ ሴት፣ የቁልፍ ዘለላ ከወገባቸው የማይጠፋ።

"አሰላሙ አለይኩም፣ አዴ ዘሃራ።"

"ወአለይኩሙ ሰላም! የረውዳ እግር መጣች። ምን ሆነሽ ነው የምታለከልኪው?"

የተባልኩትን ስለ ስፌቱ ነገርኳቸው።

"ጠርዙ ተፈቷል? ረውዳ ከቤቷ ሳትወጣ በምን ዓይኗ አየችው?"

ይሄን አላሰብንበትም። እኔም ኡማ ረውዳም።

በዚያ ሰፈር ልማድ የሙሽራ ስፌት አንዴ ከባሏ ግድግዳ ላይ ከወጣ ዝም ብሎ አይወርድም። ከወረደ ወይ ቤቱ ሐዘን ገብቶታል፣ ወይ ልጅቷን ወላጆቿ ሊወስዷት ነው። እኔ የገጠር ልጅ፣ ይሄን በምን አውቄ? አዴ ዘሃራ መልስ ሲጠብቁ ጭንቅ ያዘኝና በልቤ ያለውን ሁሉ ዘረገፍኩት።

"እኔ እንጃ፣ ኡማ ረውዳ እያለቀሱ ነው! የነኢማ መመለሻ ቀኑ ሊያልፍበት ነው ይላሉ!"

አዴ ዘሃራ ቁልፉን የሚያሻሽ እጃቸው ቆመ። ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ እያሉ ተቀመጡ። ተቆጡ፣ አሁን በቁልፉ ይሉኛል ብዬ ወደ በሩ ሸሸሁ።

ነኢማ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ሰምታናለች። ወንፊቱን መሬት አስቀመጠች። መጣችና ቀዩን ስፌት አወረደችና ሰጠችኝ። ከዚያ ጎኑ ያለውን አወረደች። ከዚያ ከላዩ ያለውን። ሁሉንም አወረደች። የተሰቀሉበት ቦታ ከሌላው ግድግዳ ይልቅ ነጭ ሆኖ ቀረ። በነጠላ ቋጠረቻቸውና ራሷ ላይ አስቀምጣ በአማቷ አጠገብ አልፋ ወጣች። አዴ ዘሃራ አላስቆሟትም። ለምን እንዳላስቆሟት እያሰብኩ ነው የተከተልኳት።

በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ስናልፍ የልብስ ስፌት መኪኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ሁሌ የሚንጫጫው መንገድ የኛ እግር ብቻ ተሰማበት። አንዲት ሴት "ምነው ነኢማ፣ ደኅና?" አለቻት። "ደኅና፣ አልሃምዱሊላህ" አለች፤ አንገቷን አላዞረችም፣ ስፌቱ ይወድቃል።

ኡማ ረውዳ ከደፉ ላይ ጠበቁን፤ የእግራቸው ጣት ደፉን ነክቷል፣ አላለፈም። ልጃቸውን ከነስፌቷ ሲያዩ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

"ምን አደረግሽ?"

"ጠርተሽኝ ነዋ።"

"ስፌቱን ነው እኮ የጠራሁት!"

ነኢማ ሸክሟን አላወረደችም። "እኔን መስሎኝ" አለች።

እኔ ቀዩን ስፌት እንዳቀፍኩ መሀላቸው ቆሜያለሁ። በመጨረሻ ኡማ ረውዳ ሸክሙን ከራሷ ላይ አወረዱላት፤ ጎትተው አስገቧት፤ አስቀመጧት። የኔን ስፌት ተቀበሉና በወስፌው ጫፍ ጠርዙን ይፈቱ ጀመር። ያን የሚያምር ስፌት! ዙር በዙር ተፈታ። ስንደዶ ወጣ፣ ስንደዶ፣ ስንደዶ። ከዚያ አንድ ቀለም ያለው ስንደዶ ወጣ። በጥፍራቸው ዘረጉት፤ ጢም ታየኝ፣ ዓይን ታየኝ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች ነኢማ።

"ስትዳሪ የሰፋሁብሽ ነው። አንድ ቀን ቤቱ ቢጠብሽ፣ ብትመለሺ፣ ባዶ እጅሽን ሆነሽ ወንድሞችሽ ፊት እንዳታፍሪ። የኔም እናት አድርጋልኛለች። ሲጨንቅሽ ልነግርሽ ነበር።"

"እስከ ዛሬ ከራስጌዬ ላይ ነበር?"

"ከራስጌሽ ላይ።"

"በየቀኑ አቧራውን እየጠረግኩ" አለች ነኢማ። ትስቅ ታልቅስ አልለየሁትም።

አንድ በአንድ የወጡት ብሮች የኖሩበትን ቅርጽ አልተው አሉ። ቢዘረጓቸው ተመልሰው ይጠቀለላሉ። ድንጋይ ጫኑባቸው፣ እንቢ አሉ። እንዲህ ሆኖ ወደ ባንክ ቢሄድ ከየት አመጣችሁት ያሰኛል። እትዬ አስካለ ተጠሩ፤ ነገሩን ሰሙ፤ በስመ አብ ብለው አማተቡና ፍሙን የያዘ ካውያቸውን ይዘው መጡ። እርጥብ ጨርቅ ከላይ አልብሰው መተኮስ ጀመሩ።

"ስንቱ ልብሳቸውን የተኮሰላቸውን ሰውዬ ዛሬ እኔ አስካለ ራሳቸውን ልተኩሳቸው!" አሉ። "ሃምሳ አለቃው እንዳይሰማ።"

እንፋሎቱ ሲወጣ፣ ያረጀ ሣርና የእጅ ላብ ሲሸተኝ፣ አልቻልኩም። ጮኼ አለቀስኩ።

"ምን ሆንሽ? ፍም ነካሽ?"

"ፊታቸውን አቃጠሉባቸው! ባላቸው ናቸው እኮ!"

"የማን ባል?"

"የኡማ ረውዳ!"

እትዬ አስካለ ካውያውን አስቀመጡ። ነኢማ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ኡማ ረውዳ እኔን አዩ፣ ብሩን አዩ፣ ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እዚያ ቤት ከገባሁ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው።

"የኔስ ሰውዬ" አሉ ዕንባቸውን እየጠረጉ፣ "ጢም እንኳ አላበቀለም።"

ሳቁ ሳያልቅ በሩ ላይ አዴ ዘሃራ ቆመዋል። የዓስር ሰላታቸውን ሰግደው ነው የመጡት። በሻሻቸው ስር የሆነ ነገር አቅፈዋል። ነኢማ ተነስታ ቆመች። "ልትወስጃት ከሆነ..." ብለው ጀመሩ ኡማ ረውዳ።

አዴ ዘሃራ የተፈታውን ስፌት፣ ወለሉን የሞላውን ስንደዶ፣ ጨርቁ ላይ የተሰጡትን ብሮች አዩ። ከላይኛው ነደባ አልወጡም፤ እኔ አጠገብ፣ ከታች ተቀመጡ። ከሻሻቸው ስር አንድ ስፌት አወጡ፣ ከማርጀቱ ብዛት የጠቆረ።

"ረውዳ፣ ወስፌሽን ይዘሻል፤ የኔንም ፍቺልኝ።"

ለካ ያኔ የተቀመጡት ተቆጥተው አይደለም። መመለሻ የምትለውን ቃል እሳቸውም ሲዳሩ ከእናታቸው ሰምተዋታል።

ኡማ ረውዳ ፈቱት። ሣሩ ደርቆ ይሰባበራል። ከውስጡ የወጣው ወረቀት ግን እንደኛ አይደለም፤ ሌላ ጽሑፍ፣ ሌላ ሥዕል አለው። እትዬ አስካለ ወደ ብርሃኑ ወስደው አዩት።

"ይሄማ የጣሊያን ነው፣ አዴ ዘሃራ። እኔ ሳልወለድ የሞተ ገንዘብ ነው። ማንም አይለውጠውም።"

አዴ ዘሃራ ወረቀቱን ተቀበሉ። ጉልበታቸው ላይ በመዳፋቸው ያሹት ጀመር።

"ስንቴ ልሄድ ተነስቼ" አሉ በመጨረሻ፣ "ግድግዳውን አይቼ፣ አለኝ እኮ፣ ነገ እሄዳለሁ ብዬ ተቀምጫለሁ። ለካ ምንም አልነበረኝም።"

ጥሩ ሆነላቸው ወይስ መጥፎ? ያኔም አልገባኝ፣ ዛሬም እያሰብኩት አልገባኝም። ያ የሞተ ወረቀት ነው ወይ ያስቀራቸው፣ ያስቻላቸው? ቢያውቁ ኖሮ ይሄዱ ነበር? ይሻላቸው ነበር? እኔ እንጃ።

ከዚያ ነኢማን ቀና ብለው አዩዋት። "እኔ ነይ አልልሽም። ከፈለገ ባልሽ በእግሩ ይምጣ። ብትመለሺም ባትመለሺም አዲሱን ብር ስፊበት። ቀኑ ሳያልፍ።" ይሄን ብለው ተነሱ። የጣሊያኑን ወረቀት መልሰው ጠቀለሉትና በብብታቸው ይዘውት ሄዱ።

በማግስቱ እትዬ አስካለ የተተኮሱትን ብሮች ይዘው ሄዱ፤ እሳቸው እስኪመለሱ ድረስ ኡማ ረውዳ ደፉ ላይ ቆሙ። አዲሱን ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፤ በልጅ ቁመቴ እጃቸው ፊቴ ላይ ነበር። አሥር ብሩ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣ ስፌት ትሰፋለች።

"ኡማ ረውዳ! ታወቀብን!"

"ምኑ?"

"እርስዎ ነዎት! ሲሰፉ አይተው ሣሉዎት! መንግሥት አወቀ!"

አይደሉም አሉኝ፣ ሦስቱም ማሉልኝ። ወላሂ አሉ፣ በእመቤቴ አሉ። ግን እንዴት ልመን? በአሮጌው ላይ ባል ነበር፣ ሞተ፤ በአዲሱ ላይ ሚስት ተቀመጠች። ያለቀሰችው ስለ ስፌት፣ የተሣለችው ከስፌት ጋር። ያ ሁሉ ሰው የሸሸገውን አውጥቶ በምትኩ በእጁ የያዘው የኛን ምሥጢር ነው ብዬ ለብዙ ጊዜ ሰው ብር ሲያወጣ ፊቴን አዞር ነበር።

አዲሱን ብር የጠቀለልኩት እኔ ነኝ፤ ጣቴ ትንሽ ነው፣ ከሁሉ አስቀጥነዋለሁ። "እንደ ስንደዶ" ይሉኛል ኡማ ረውዳ፣ እኔ ሴትዮዋን ከእግሯ ጀምሬ እጠቀልላለሁ፤ ስፌቷ ይጠፋል፣ እጇ ይጠፋል፣ ፊቷ ይጠፋል። ነኢማ ተቀብላ አለላ ታለብሰዋለች። ያ ወረቀት ጨዋ ነበር፤ እንደጠቀለሉት ይተኛል።

የነኢማ ባል የዒዳው ጊዜ ሊያልቅ ሲል በእግሩ መጣ። በሩ ላይ ብዙ ቆመ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ውሃ ቅጂ ብለው አስወጡኝ። ስመለስ ነኢማ ፊት ፊት ትሄዳለች፣ እሱ የስፌቱን ነጠላ ተሸክሞ ይከተላታል። በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪኖቹ እንደገና አንድ በአንድ ዝም አሉ። ይሄኛውን ዝምታ ግን ወደድኩት።

አባቴ ሊወስደኝ ሲመጣ ኡማ ረውዳ በሩን አልፈው እስከ ፈላና በር ሸኙኝ። እየሄዱ ሳያቸው አሁንም እግራቸውን አየሁ። አንዲት ክዳን ያላት ትንሽ ሙዳይ ሰጡኝ። "ስትዳሪ ከራስጌሽ ስቀያት" አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

ሰቀልኳት። ዛሬም አለች። በቅርቡ ብሩ እንደገና የተለወጠ ጊዜ ልጄ "እማዬ፣ ፍቺያትና እንይ፣ ምናልባት አለበት" ብትለኝ እምቢ አልኩ። ካለ ሞቷል። ከሌለም እስከ ዛሬ ነበረኝ።

ይሄን ሁሉ ለኢክራም ስነግራት የላስቲኩ ገንዘብ በሁለታችን መሀል እንደተዘረጋ ነው። በእጇ ሙዳይዋን ትዳብሳለች፣ ዙሩን በጣቷ ጫን ጫን ታደርጋለች። የሷ ሠርግ ከረመዳን በኋላ ነው። ከዚያ ዓይኗ ወደ ጭኔ መጣ፣ ለሷ ወደምሰፋው፣ ገና ግማሽ ወደደረሰው ስፌት።

"አኮ" አለች ቀስ ብላ፣ "እዚህኛው ውስጥስ ምን አለ?"

ወስፌዬን አነሳሁ።

"ስንደዶ ነው" አልኳት። "ምን ይኖራል? ስንደዶ ነው።"